«ያመሰግናሉ» አልኩ

አንድ ንግግር አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲከነክነኝ ኖሯል። ንግግሩ የእኔ አይደለም፤ ከጅማ ወደ ሰቃ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ የሚኖሩ እናት የተናገሩት ነው። የእኔ ድርሻ ከኦሮምኛ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ብቻ ነበር፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነበር። አልመለስኩትም። በምትኩ አንድ ሁለት ቃል ተናግሬ ዝም አልኩ።

ጊዜው 2003 ዓ.ም. ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ ሂርማታ በተባለው የጅማ ሰፈር እናቴ ቤት እየኖርኩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ለሰሌዳ ስዞር በከረምኩበት ዓመት አንድ የውጭ አገር ሚስዮን ለጤና ሥራው አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ኦሮምኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስጫወት፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት ይዣቸዋለሁና ተቀጠርኩ። አለቃዬ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ የማይደርሱባት ፈረንጅ ነርስ ነበረች። በእኛ አገር ነርስ ሁሉ «ሲስተር» ስለሆነች እኛም «ሲስተር» አልናት። (በዕድሜ እናቴ የምትሆንን ሴት «እሷ» እያልኩ ስጽፍ ራሴን እታዘባለሁ፤ ፈረንጅን አንቱ ማለት ለምን እንደሚከብደን አላውቅም።) እኔ የኦርቶዶክስ ቤት ልጅ ነኝ፤ እሷ ፕሮቴስታንት ነበረች፤ የምንሄድበት አገር ሰው ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ሙስሊም ነው።

ሥራችን የዝሆኔ ሕሙማንን እግር ማከም ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ሳፋ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ፎጣና ካልሲ በፒክአፕ ጭነን እንወጣለን። ሕሙማኑ በአንድ ትልቅ ዋንዛ ጥላ ሥር፣ ቀበሌው ባዋሰን አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይጠብቁናል። ብዙዎቹ እግራቸውን በነጠላቸው ወይም በቀሚሳቸው ጫፍ ሸፍነው ነው የሚቀመጡት።

ከዋንዛው ሥር

ሲስተር መሬት ላይ ትንበረከካለች። በሳፋው ውሃ ላይ ጥቂት በረኪና ጠብ ታደርግና የታማሚውን እግር ትነክራለች፤ ከዚያ በሳሙና፣ ጣት ከጣት እየለየች፣ የቆዳውን እጥፋት እየከፈተች ታጥባለች። በፎጣ አድርቃ ቫዝሊን ትቀባለች። እንደ እኔ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እያየ ላደገ ሰው ይህ ተራ ሕክምና ሆኖ አይታይም። የገዛ ዘመዶቻቸው በአንድ ማዕድ የማያቀርቧቸውን ሰዎች እግር ባሕር ተሻግራ የመጣች ሴት በእጇ ስትይዝ ዓይኔ እንባ ያቀር ነበር። ይህን የምናገረው ራሴን ደግ ለማሰኘት አይደለም። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ስሕተት የሠራሁት በአመዛኙ ትዕይንቱ አምሮኝ፣ እንዳይበላሽብኝ ሰስቼ ስለነበረ ነው።

በየካቲት አንድ ጠዋት ተራው የአንዲት እናት ሆነ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እንደ አካባቢው ወግ «አዮ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ስድሳ ገደማ ይሆናቸዋል። ግራ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጦ፣ ቆዳው እንደ አሮጌ ዛፍ ቅርፊት ተሰነጣጥቆ፣ ጣቶቻቸው ላይ የምስር ክክ የሚያካክሉ ጉብታዎች ወጥተዋል። ሲስተር አጥባ ስትጨርስ እንደ ልማዷ ትምህርቱን ሰጠች፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በሳሙና መታጠብ፣ ማድረቅ፣ መቀባት፣ ጫማ ማድረግ። አዮ እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ሳይቸኩሉ እንዲህ አሉ፦

«ይህች ልጅ እግር መታጠብ ልታስተምረኝ ነው እንዴ የመጣችው? እኔ ከልጅነቴ ጀምሬ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት እግሬን የምታጠብ ሴት ነኝ። ውሃ ሲኖር ነው ታዲያ። አሁን በበጋው ልጄ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ አንድ ጀሪካን ይዛ የምትመለሰው ረፋድ ላይ ነው። ያቺ ጀሪካን የመጠጡም፣ የወጡም፣ የውዱኡም ናት። ቡና ሲደርስ ደግሞ ወንዙ ይሸታል፤ እግር ሲነክሩበት ያሳክካል። ሳሙናውን ተቀብያለሁ። ሳሙና ያለ ውሃ ምን ያደርግልኛል? ውሃውን ታምጣልኝና እግሬን እኔ አጥበዋለሁ።»

ሲስተር ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች።

«ያመሰግናሉ» አልኩ። «እንዳልሽው ያደርጋሉ።»

ሲስተር ፈገግ ብላ የአዮን ትከሻ መታ መታ አደረገች። አዮ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩና ሳሙናቸውን ይዘው ተነሡ።

ለምን? ለራሴ የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ ይሉኝታ የሚል ነበር፤ እንግዳ አይዋረድም፣ ያውም ተንበርክካ እግር ያጠበች እንግዳ። ሁለተኛው መልስ ደግሞ ለአዮ ማሰብ ነበር፤ ንግግራቸው በእንግሊዝኛ ሲወጣ ውለታ ቢስ እንዳያስመስላቸው ሰጋሁ። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። ከሥራቸው ግን ሦስተኛ አለ፤ ደመወዝ መቀበል ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ወሬ ነበርና «ሥራሽ አይረባም» የሚል ቃል ከእኔ አፍ እንዲወጣ አልፈለግኩም። ይሉኝታ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የእንጀራ ጉዳይን ደርቦ እንደሚለብስ ያወቅኩት ያኔ ነው።

አፈሩ

የጅማን ቀይ አፈር የማያውቅ አንባቢ የለኝም ብዬ እገምታለሁ። በክረምት ጫማ የሚያወልቅ፣ በበጋ ደግሞ በነጭ ልብስ ላይ ተጣብቆ በሦስት እጥበት የማይለቅ አፈር ነው። ቡናችን የሚያምርበት አፈር ይኸው ነው፤ የአዮን እግር ያበላሸውም እርሱ ነው።

ዝሆኔ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ትንኝ የሚያስተላልፈው በጥገኛ ትል የሚመጣ ሲሆን የእኛ ደጋና ወይና ደጋ ዝሆኔ ግን ትልም ጀርምም የለበትም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው አልፈው ይገባሉ፣ የእግሩን የሊምፍ መስመሮች (ትርፍ ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች) ያቆጣሉ፣ ይዘጋሉ፤ ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግሩ ያብጣል። በሽታው የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ባሉና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኙ ቦታዎች ነው። ጅማ ሁለቱንም በሰፊው ታልፋለች። በእ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት ተገምቷል። ሰው «በዘር ይወርዳል» ይላል፤ ለአፈሩ የተጋለጠ ቆዳ በቤተሰብ እንደሚወረስ ሳይንሱም ያረጋገጠው ስለሆነ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ልጃገረድ ከትዳር፣ ብዙ ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቷል። የበሽታውን መንሥኤ ከአፈሩ ጋር ያያያዘው በሥጋ ደዌ ሕክምና ይታወቅ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ ይህን የደረሰበትም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ምርምር ነው። ወላይታ ላይ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት በሚስዮን ሐኪምነት ያገለገለው አሜሪካዊ ናታን ባርሎ በስተርጅናው ሕሙማኑን የሚያክም ማኅበር አቋቋመ፤ እግራቸው በልክ ጫማ ለማይገባ ሰዎች በልካቸው ጫማ የሚሰፋበት ማኅበር ነው። የእኛ ሚስዮን ሥራውን የቀዳው ከእነርሱ ይመስለኛል።

መድኃኒቱ እንግዲህ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ውሃ፣ ሳሙናና ጫማ። ቀላልነቱም ነው ያታለለን። ሲስተር ሕክምናውን ከሌላ ቦታ ተምራ፣ ሳሙናውን ገዝታ መጣች። ውሃውን ማንም ሰው ያለው ነገር አድርጋ ቆጠረችው። እርግጥ አዮም ሁሉን ያውቁ ነበር አልልም፤ በማንቆርቆሪያ የሚፈስ የውዱእ ውሃ ከእጥፋቱ ውስጥ የገባውን አፈር አያወጣም፤ ነክሮ መቆየትና በሳሙና ማሸት ያስፈልጋል። ውሃ ፈጽሞ ሲጠፋ ደግሞ በውዱኡ ፈንታ በንጹሕ አፈር ተየሙም ያደርጋሉ። ሁለቱ ሴቶች የሚነጋገሩት ብዙ ነገር ነበራቸው። መሐላቸው የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ወራት አለፉ። ሲስተር የእያንዳንዱን ሰው እግር በሜትር እየለካች በደብተር ትመዘግብ ነበር። ወንዝ አቅራቢያ ያሉት ጥቂቶች ቀነሰላቸው፤ ሌሎቹ እንደነበሩ ቀሩ። ከማይሻላቸው ሰዎች ስም ጎን «ምክር አልተከተሉም» የሚል ማስታወሻ መጻፍ ጀመረች። የአዮ ስም ጎንም ተጻፈ። አየሁት። ያኔም መናገር እችል ነበር፤ ነገር ግን አንዴ የዋሸ ሰው ውሸቱን ለመጠበቅ የሚያሳየው ትጋት ይገርማል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የሰው በሽታ የደበቀ ሰው ምን እንደሚያገኝ ተረቱ አይናገርም። በየሳምንቱ ሳሙና እያከፋፈልን ተመለስን፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ሳፋው

ኅዳር 2004 ዓ.ም. አዮ ከዋንዛው ሥር ቀሩ። ሲስተር ቤታቸው እንሂድ አለች። ስንደርስ ጎጆአቸው ውስጥ ተኝተው አገኘናቸው፤ እግራቸው ቀልቶ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ትኩሳት አላቸው። ልጃቸው ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃላቸዋለች። የዝሆኔ ሕሙማን በቆዳቸው ስንጥቅ ጀርም ሲገባ እንዲህ እየቆየ የሚነሣባቸው ሕመም ነው።

ሲስተር ከአጠገባቸው ተቀመጠችና «እግራቸውን ይታጠቡ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለችኝ። ጠየቅኩ። አዮ ለእኔ አልመለሱልኝም። ቀና ብለው ለልጃቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ልጅቱ ከጓሮ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ገባች፤ ከመደቡ ሥርም እኛ የሰጠናቸውን ሰማያዊ ሳፋ አወጣች። ንጹሕ ነበር፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ውሃውን ገለበጠችበት። ቡናማ ነው፤ ዳር ዳሩ አረፋ ይዟል፤ ጎጆዋን ወዲያው እንደ ሰነበተ አተላ ያለ ሽታ ሞላት። ቀይ እሸት ቡና ሲፈለፈልና ሲታጠብ ከፍሬው የሚወጣው ሙጫ መሰል ነገር ስኳር አለው፤ ከነውሃው ወንዝ ሲለቀቅ ይፈላል፣ ይኮመጥጣል፣ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። ከቀበሌዋ በላይ አንድ ቡና ማጠቢያ አለ። ወሩ ኅዳር ነበር።

አዮ ሳፋውን በሁለት እጃቸው አነሡ። ትኩሳት ይዟቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ውሃው ቀሚሳቸው ላይ ይፈስሳል። አስጠጉና ከሲስተር አፍንጫ ሥር አደረጉት። ምንም አልተናገሩም።

ሲስተር ረዘም ላለ ጊዜ አላየችኝም። እጇን ነክራ አወጣች፣ አሸተተች፣ ጣቶቿን አንዱን ባንዱ ላይ አሸች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «በበጋው ብዙ ተናግረው ነበር» አለች። «ምን ነበር ያሉት?»

አንዳች ሳላስቀር ነገርኳት፤ «ይህች ልጅ» የምትለዋንም ጨምሬ። ቀስ ብለህ ድገምልኝ አለችና ቃል በቃል ጻፈችው። የአዮን ሕመም አክማ፣ መድኃኒት ትታ ወጣን። እስከ ጅማ ድረስ በመኪናው ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከግቢያችን በር ስንደርስ ሞተሩን አጥፍታ፦ «የምከፍልህ ደስ እንድታሰኘኝ አይደለም። ሰዎቹ የሚሉትን እንድሰማ ነው። ዘጠኝ ወር ወሰድክብኝ፤ ከእርሳቸው ደግሞ የበለጠ» አለችኝ። ያባርሩኛል ብዬ ሳልተኛ አደርኩ። በማግስቱ ቢሮ ስገባ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። «ምክር አልተከተሉም» የሚለው ሁሉ በቀይ ተሰርዞ «ውሃ የለም» ተብሎ ተጽፎበታል።

ከምንጩ በላይ

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ብዙ ጊዜ ለሰው ስነግር ቶሎ ወደ ቧንቧው ያደርሱኛል። መንገዱ ግን እንዲያ አልነበረም። የሚስዮኑ ለጋሾች ገንዘብ የሰጡት ለእግር እንጂ ለምንጭ አይደለም፤ ሲስተር ምንጭ ማጎልበት ለምን የእግር ሕክምና እንደሆነ ለማስረዳት እስከ ግንቦት ድረስ ደብዳቤ ስትጽፍ ከረመች። በእኛም በኩል ጤናው፣ ውሃውና እርሻው ሦስት የተለያዩ በሮች ስለሆኑ ያንኑ አንድ ደብዳቤ ይዤ ሦስቱንም ደጅ ጠናሁ። ሰው አንድ አካል ሆኖ ሳለ መሥሪያ ቤቱ በየብልቱ መከፋፈሉ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

ሽማግሌዎቹም ጥያቄ ነበራቸው። አንደኛው ጺማቸውን እየዳበሱ «ከውሃው በኋላ ምን ትጠይቀናለች?» አሉ። ይህን ተረጎምኩ፤ ምላሴ እየተሳሰረ ቢሆንም። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሚስዮን ሥጋንም ነፍስንም ብሎ ነው የሚመጣው፤ አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ በእ.ኤ.አ. 1928 ቡድኑን ይዞ ከአዲስ አበባ ሲነሣ ሊደርስ ያሰበው የአባ ጅፋር አገር ጅማ ነበር፤ ሳይሆንለት ቀርቶ ሥራው በወላይታና በሲዳማ በኩል ተተከለ። ሐኪምነቱና ሰባኪነቱ በአንድ ሰው ውስጥ ነበሩ። ሲስተርም አልሸሸገችም። «ክርስቲያን ነኝ፤ የመጣሁትም ከእምነቴ የተነሣ ነው። ውሃው ግን የእናንተ ነው፤ ቁልፉም እናንተ ዘንድ ይሆናል» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያይተው የውሃ ኮሚቴውን ራሳቸው እንዲመርጡ፣ ሥራው በዱዓ እንዲከፈት ጠየቁ። በተከፈተበት ቀን ሲስተር ከሴቶቹ ኋላ አንገቷን ደፍታ ቆማ አየኋት።

ምንጩ ከቡና ማጠቢያው በላይ፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ነበር። ቀድሞ በጋና ክረምት ይፈስ እንደነበር ሽማግሌዎቹ ያስታውሳሉ። በዙሪያው የነበረው ጥላ ዛፍ ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ተተክሏል፤ ከብት ይረግጠዋል፤ ክረምት ሲመጣ ከዳገቱ የሚወርደው ደለል ዓይኑን ይደፍነዋል። ሰዉ ድንጋይና አሸዋ በትከሻው አመጣ። የምንጩ ዓይን እስኪገኝ ተቆፈረ፣ በጠጠር ተሞላ፣ በሲሚንቶ ተከበበ፣ ቧንቧ ወጣለት፤ ከታች ለከብቶች ገንዳ፣ ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተሠራ። ከሁሉ የከበደው የባሕር ዛፎቹ ጉዳይ ነበር። ባለቤታቸው ለልጁ ሰርግ ያሳደጋቸው ናቸው። ሦስት ቀን ስብሰባ ተቀመጥን፤ ሰውየው በሁለተኛው ቀን ለሲስተር የተናገረውን ስድብ ሳይቀር ተረጎምኩ። ሲስተር ሰምታ «ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እናደዳለሁ» አለች። መጨረሻ ላይ ኮሚቴው ዛፎቹን በገበያ ዋጋ ገዝቶ ለሥራው አጣና አደረጋቸው።

በዳገቱ ላይ ቬቲቨር ሣር ተከልን። ይህ ሣር ወደ አገራችን የገባው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በእኛው መልኮ፣ በጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል በኩል እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሄድ ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በአግድም በመስመር ሲተከል ጎርፉን ያቀዘቅዛል፣ ደለሉን ያስቀራል። የአዮን እግር ያሳመመውን ያንኑ አፈር በቦታው ይዞ ያቆመው ይህ ሣር ነው።

የቡና ማጠቢያው ባለቤት ፍሳሹን የሚያጠራቅም ጉድጓድ እንዲቆፍር ተለምኖ ቆፈረ። ጉድጓዱ ጠባብ ነበርና በሚቀጥለው ኅዳር ሞልቶ ፈሰሰ። ወንዙ አሁንም በወቅቱ ይሸታል። ቧንቧውም ቢሆን አንድ ጊዜ መክፈቻው ተሰብሮ፣ ኮሚቴው የሰበሰበው ገንዘብ የት እንደገባ ሳይታወቅ ወራት ቆሟል። ባለፈው ዓመት ስሄድ ግን ይፈስ ነበር፤ ቬቲቨሩም ወገብ ይደርሳል፤ ሴቶቹ እያጨዱ ለቡና ይጎዘጉዙታል።

ሲስተር ከጅማ የሄደችው በ2005 ዓ.ም. ነው። ከመሄዷ በፊት አዮን ልትሰናበት አብረን ወጣን። ደጃፋቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ያ ሰማያዊ ሳፋ ከፊታቸው ሆኖ እግራቸውን ያጥባሉ። አልዳነም፤ እንዲህ ያለ እግር ፈጽሞ አይድንም። ግን እብጠቱ ቀንሶ ቁርጭምጭሚታቸው ቅርጹን ይዟል፣ ስንጥቁ ገጥሟል፤ ያ ምች የተባለው ሕመምም ከአንድ ዓመት በላይ ትቷቸዋል። በልካቸው የተሰፋው ጥቁር ጫማ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃቸዋል።

ዘጠኝ ወር የደበቅኩትን ነገር ያን ቀን ለእርሳቸውም ተናዘዝኩ። ሳቁ።

«እኔ ያን ሁሉ ተናግሬ አንተ ሁለት ቃል ስትል፣ ፈረንጅኛ ለካ እንዲህ አጭር ነው ብዬ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ጫማውን አንሥተው ለሲስተር አሳዩና ወደ እኔ ዞሩ። «በል ንገራት። ጫማው ደግ ነው፣ እግሬን አይጎዳኝም። ግን የወንድ ጫማ ነው። ይህን አድርጌ ሰርግ ቤት አልገባም። ሳትቀንስ ንገራት።»

ነገርኳት። ሲስተር ደብተሯን አወጣች።